ዝናብ አይበላም

በአዲስ አበባ ካፌዎች ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲነሣ ምን እንደሚባል ታውቁታላችሁ። ግድቡ ይነሣል፣ ወርቁ ይነሣል፣ የአሶሳ ማንጎ ይነሣል፤ ከዚያ ድምፅ ዝቅ ይልና ስለ መተከል ይወራል። ድህነት ግን አይነሣም። ድህነት ሲባል የአብዛኞቻችን ልብ የሚሄደው ወደ ወሎና ወደ ትግራይ፣ ወደ ሐረርጌ ቆላና ወደ ኦጋዴን ነው። ምዕራቡ ዝናባም ነው፤ ዝናብ ያለበት አገር አይራብም፤ ስለዚህ ምዕራቡ አይራብም። ይህ ስሌት በቡና ወሬ ተወስኖ ቢቀር ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። ነገር ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ፖሊሲ ሆኖ ሠርቷል፤ የአንድን ክልል የገጠር ሕዝብ በጅምላ ከአገሪቱ ትልቁ የድሆች ድጋፍ ውጭ አድርጎ አኑሯል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የእርዳታ እህል ጠባቂ ሲሆን፣ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ስንዴ መለመን እንደማያዛልቅ መንግሥትና ለጋሾች ተስማሙ። ከዚያ ምክክር የተወለደው በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ጉልበት ያለው ሰው ያለበት ድሃ ቤተሰብ በዓመት ለስድስት ወር በእርከን ሥራ፣ በመንገድ ጥገና፣ በኩሬ ቁፋሮ ይሰማራል፤ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ ለእያንዳንዱ ነፍስ በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰብለታል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ያለ ሥራ ይደጎማሉ። በመጀመሪያው ዓመት የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አራት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 20 ቀን ሠርቶ 120 ብር፣ በስድስት ወር ደግሞ 720 ብር ያገኝ ነበር ማለት ነው። ትንሽ ነው ትሉ ይሆናል። አንድ በሬውን ሸጦ እህል እንዳይሸምት ለሚታገል ገበሬ ግን ትንሽ አልነበረም።

ፕሮግራሙን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። የእኔ ጥያቄ፣ ማን ይግባ ተብሎ ሲወሰን መለኪያው ምን ነበር የሚለው ነው። መለኪያው ድህነት አልነበረም። ወረዳዎቹ የተመረጡት ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት በተከታታይ የእርዳታ እህል ሲቀበሉ መኖራቸው ታይቶ ነው። የተጠየቀው «ማን ተራበ?» ሳይሆን «ማን ሲረዳ ኖረ?» ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ የሚመስሉት ከጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩዋቸው ብቻ ነው። የእርዳታ እህል የሚደርሰው መንገድ ባለበት፣ መጋዘን ባለበት፣ ረሃቡን ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ በተቀመጠበትና ካሜራ ቀድሞ በደረሰበት ነው። እነዚህ ያልደረሱበት ረሃብ መዝገብ የለውም፤ መዝገብ የሌለው ረሃብ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. እንዳልነበረ ተቆጠረ።

በዚህ መሠረት ፕሮግራሙ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብ፣ በሐረሪና በድሬዳዋ፣ ቆይቶም በአፋርና በሶማሌ ተዘረጋ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ቀሩ። እስከ አራተኛው ምዕራፍ መጨረሻ፣ ማለትም ለአሥራ አምስት ዓመታት፣ ከኩርሙክ እስከ ወምበራ፣ ከመንጌ እስከ ያሶ አንድም ወረዳ አልገባም። በ2013 ዓ.ም. አምስተኛው ምዕራፍ ሲጀመርም ማጣሪያው ያው ድርቅ ነበር።

አሁን ቁጥር ልጥቀስ፤ ቁጥር ሳይጠቅሱ መንግሥትን መክሰስ የተለመደ ስለሆነ እኔም እንዳልታማ። ሴፍቲኔት በተጀመረበት በዚያው በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት መሠረት ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሕዝብ 44.5 በመቶው ከድህነት ወለል በታች ይኖር ነበር። የአገሪቱ አማካይ 38.7 ነበር። አማራ 40.1፣ ደቡብ 38.2፣ ኦሮሚያ 37። ከተጠኑት ክልሎች ሁሉ በድህነት የሚበልጠው በ48.5 በመቶ ትግራይ ብቻ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ መንግሥት በአንድ እጁ በድህነት ሁለተኛ ማን እንደሆነ የሚነግረውን ጥናት ይዞ፣ በሌላ እጁ ያንኑ ሁለተኛ የሚተው ዝርዝር ፈረመ። ቀኝ እጅህ የሚሠራውን ግራህ አትወቅ የሚለው ምክር ለምጽዋት እንጂ ለበጀት የተሰጠ አልመሰለኝም።

ሐቀኛ ለመሆን የማይመቸኝንም ቁጥር ላስቀምጥ። በ2003 ዓ.ም. ጥናት የክልሉ የድህነት መጠን ወደ 28.9 በመቶ ወርዶ ከአገሪቱ አማካይ፣ ከ29.6፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ ነበር። «እነሆ ያለ ሴፍቲኔትም ወጡ» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቀጣዩን ጥናት ግን አይጠቅሱም። በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ አማካይ በ6.1 ነጥብ ወርዶ 23.5 ሲደርስ ክልሉ በ2.4 ነጥብ ብቻ ዝቅ ብሎ 26.5 ላይ ቆመ። ልዩነቱን ሁሉ በሴፍቲኔት አለመኖር ላሳብብ አልደፍርም። ድህነት የሚወርደው በብዙ እጅ ነው። ነገር ግን ሌላው ሲሮጥ የቀረን ሰው «ድሮም ደህና ነበር» ብሎ መተው ፖሊሲ ሊባል አይችልም። በዚያው በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከክልሉ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 42.7 በመቶዎቹ መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 38.4 ነበር። መቀንጨር በአንድ ክፉ ዓመት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ዓመት ከዓመት በየቤቱ የሚደገም የጎደለ ገበታ ውጤት ነው። ይህን ጎዶሎ የድርቅ ካርታ አያሳየውም።

«ዝናብ እያለ ለምን ይራባሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አገሩን ለሚያውቅ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። በክልሉ በብዙ ቦታ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ እውነት ነው። በዚያው ዝናብ የሚለመልመው ቆላ ግን የገንዲ በሽታ አገር ነው። የቆላ ዝንብ በሬ አያኖርም፤ በሬ የሌለው ገበሬ በመቆፈሪያና በዶማ ያርሳል፤ በዶማ የሚያርስ ሰው የሚያለማው መሬት ደግሞ የጉልበቱን ያህል እንጂ የማሳውን ስፋት ያህል አይደለም። የዘራውን ማሽላ አቀንጭራ ይካፈለዋል። ከዚያም ሐምሌና ነሐሴ ይመጣሉ። ጎተራው ባዶ ነው፤ አዲሱ እህል ገና አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። በርታውና ጉሙዙ በእነዚህ ወራት ከጫካ የቀርከሃ ቡቃያና የዱር ሥር እየቆፈረ ይሰነብታል። ይህን ያየ የከተማ ሰው «ባህላዊ ምግባቸው ነው» ብሎ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ባህልም ነው፤ ግን የባዶ ጎተራ ባህል ነው። ወሎ ላይ ዝናብ ሲጠፋ የሚከሰተውን ረሃብ ሳተላይት ያየዋል። በዝናብ መሐል የሚከሰተው የክረምት ረሃብ ከደመና በታች ስለሆነ አይታይም።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ሴፍቲኔት የሚመርጠው ክልል ሳይሆን ወረዳ ነው፤ በምዕራብ ጎጃምና በወለጋም ያልገቡ ብዙ ወረዳዎች አሉ ይባላል። ልክ ነው። ልዩነቱ ግን አማራና ኦሮሚያ በገቡት ወረዳዎቻቸው ምክንያት መሥሪያ ቤቱን፣ ባለሙያውን፣ የተረጂ መዝገቡንና ከለጋሹ ጋር የሚነጋገሩበትን ወንበር ማግኘታቸው ነው። አሶሳ ወንበሩም አልነበራት። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ሙከራ ሲጀመርም የተመረጡት ወረዳዎች በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ውስጥ ያሉ ነበሩ። አንድ ጊዜ ከዝርዝር የወጣ ሰው በሚቀጥለው ዝርዝር ላይም የሚያስታውሰው አያገኝም።

የዚህ አመለካከት ሥር ከኢሕአዴግም በፊት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደርግ ከሰሜን ካነሣቸው ወደ 600,000 ከሚጠጉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ የሰፈሩት በመተከልና በአሶሳ ነው። ፓዌ በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የተካሄደው የጣና በለስ ፕሮጀክት መንደር ናት። ሰፋሪው ተርቦ የመጣ ነው፤ በእርሱ ላይ አንድ ቃል አልናገርም። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ግን ምዕራቡን ያዩት ሰው እንደሌለበት ለም መሬት፣ ለሌላው ረሃብ ማርከሻ አድርገው ነው። ደርግ ሄደ፤ ካርታው ቀረ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሄክታር «ያልተነካ» እየተባለ ለባለሀብት ቀረበ፤ ነባሩ ነዋሪ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የመንደር ማሰባሰብ ተበትነሃል ተብሎ ተሰበሰበ። መሬቱ ባዶ ከሆነ የተሰበሰበው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሹም መኖሩን አልሰማሁም።

ይህ ትናንት በተቀበሉት ልክ የዛሬን የመቁረጥ በሽታ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ አሜሪካ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት ሕግ ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የፌዴራል ድጎማ በየዓመቱ 16.5 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተቆርጦ ለግዛቶች ተከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ግዛት የተመደበው ድርሻ ምን ያህል ድሃ ሕፃናት እንዳሉት ታይቶ ሳይሆን፣ ከሕጉ በፊት በነበሩት ዓመታት ምን ያህል ለድሆች ሲያወጣ እንደነበር ታይቶ ነው። ስለዚህ ለድሆቿ ብዙ ታወጣ የነበረችው ሀብታም ግዛት ብዙ አገኘች፤ ድሆቿን ስትነፍግ የኖረችው ሚሲሲፒ ጥቂት ተቆረጠላት። እስከ 2021 ድረስ በሚሲሲፒ ሦስት ነፍስ ላለበት ምንም ገቢ ለሌለው ቤተሰብ የሚከፈለው ከፍተኛው የወር ድጎማ 170 ዶላር ነበር። ያችው ጥቂት ገንዘብ እንኳ ለባለቤቶቿ አልደረሰችም። የግዛቱ ኦዲተር ባጋለጠው ቅሌት ቢያንስ 77 ሚሊዮን ዶላር ያለ አግባብ የባከነ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 5 ሚሊዮኑ የዩኒቨርሲቲ የመረብ ኳስ አዳራሽ ተሠርቶበታል። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ጆን ዴቪስ በ2022 ጥፋታቸውን አምነዋል። የምነግራችሁ አሜሪካን ለማማት አይደለም። ድሃውን በታሪኩ የሚመዝን ሚዛን በሀብታም አገርም ቢሆን ያው ድሃውን እንደሚያጎድል ለማሳየት ነው።

ወደ አሶሳ ልመለስ። ነገሩን ወደ ምፀት የሚያደርሰው የከተማው ሴፍቲኔት ነው። በ2009 ዓ.ም. በዓለም ባንክ የ300 ሚሊዮን ዶላርና በመንግሥት የ150 ሚሊዮን ዶላር ወጪ የከተማ ሴፍቲኔት በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ከየክልሉ አንድ ከተማ ይግባ ተብሎ አሶሳም ገባች። በጎ ሥራ ነው። ጎዳና የሚጠርጉ፣ ችግኝ የሚተክሉ፣ በወሩ መጨረሻ በባንክ ደብተራቸው ገንዘብ የሚገባላቸው ድሆች አሶሳ ውስጥ ተገኙ። ከአሶሳ ቀበሌዎች መጨረሻ ወጥታችሁ አንድ ሰዓት በእግር ብትጓዙ ግን የምታገኙት ሰው ያንኑ ማሽላ ይበላል፣ ያንኑ ወባ ይታመማል፣ በዚያው የከተማ ገበያ እንጨትና ከሰል ይሸጣል፤ ሴፍቲኔት ግን የለውም። እንጨት ተሸክማ የምትገባውና መንገድ የምትጠርገው እህትማማች ቢሆኑ አንዲቱ ለመንግሥት ድሃ ናት፣ ሌላይቱ አይደለችም። ወይስ ረሃብም የከተማ ክልል ማካለያ ድንጋይ ሲያይ ይቆማል?

በነገራችን ላይ፣ በክልሉ ገጠር እርዳታ ፈጽሞ አልታየም ማለቴ አይደለም። ታይቷል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ከካማሺ በተነሣው ግጭት በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሲፈናቀሉ እህል ተጫነ። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በአንድ ቀን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ካሳወቀ በኋላ፣ ከመተከል ሸሽተው ቻግኒ አጠገብ በራንች መጠለያ ለሰፈሩት ስንዴና ዘይት ደረሰ። ይህ መድረሱ ግዴታ ነበር። ትምህርቱ ግን አሰቃቂ ነው፤ የክልሉ ገበሬ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ እንዲጻፍ መጀመሪያ ቤቱ መቃጠል ነበረበት። ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሲራብ የሚቆጥረው አልነበረም። ሴፍቲኔት ቢኖር ኖሮ ደም አይፈስም ነበር የሚል የዋህ አይደለሁም፤ የመተከል ነገር ከእህል በላይ ነው። ነገር ግን መሬት፣ ሥልጣንና ጠብመንጃ በሚነታረኩበት ቦታ ባዶ ሆዱን ያደረ ወጣት ለማን ርካሽ እንደሚሆን ለመገመት ፖለቲካ መማር አያስፈልግም።

ጥፋቱ ሁሉ የፌዴራል መንግሥትና የለጋሾች ነው ብዬ የክልሉን ሹማምንት ነጻ ልለቃቸው አልችልም። ለዓመታት በየስብሰባው ያዘጋጁት ማስታወቂያ ሰፊ ለም መሬት፣ ወንዝ፣ ማዕድን የሚል ነበር። ድሃ አለብኝ ማለት ባለሀብት ያርቃል ተብሎ ይታሰባል። አንድ በእድሜ የሚበልጠኝ የቀድሞ የክልሉ ባለሙያ ሲያጫውቱኝ፣ የምግብ እጥረት ሪፖርት ማቅረብ እንደ ግምገማ ጥፋት የሚታይበት ጊዜ እንደነበር ነግረውኛል። «ታዳጊ ክልል» የሚለው ስያሜም የራሱን ጉዳት አድርሷል። ታዳጊ የተባለ ልጅ ያድጋል ተብሎ ይጠበቃል እንጂ ተራበ ተብሎ አይጠየቅም። አራት ታዳጊ ክልሎች ነበሩን፤ ሁለቱ፣ አፋርና ሶማሌ፣ ድርቅ ስላላቸው ወደ ሴፍቲኔቱ ገቡ። ሁለቱ ምዕራባውያን ድርቅ በማጣታቸው ቀሩ።

«ድጎማ ጥገኝነትን ያስተምራል» የሚለውንም ሳልመልስ አልሄድም፤ ከአዲስ አበባ ምሁራን አፍ የማይጠፋ ነውና። ይህን የሚሉኝ ሰዎች አብዛኞቹ በጡረታ አዋጅ የተሸፈኑ፣ ለዓመታት በመንግሥት ድጎማ በተሸጠ ነዳጅ ሲነዱ የኖሩ፣ ልጆቻቸውን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ ናቸው። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። እኛን ድጎማ ጥገኛ ካላደረገን፣ በዶማ የሚያርሰውን ሰው በወር አምስት ቀን የሚታሰብለት የእርከን ሥራ እንዴት ያደርገዋል?

ሕጉ ደግሞ በእርሱ ወገን ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 4 በኢኮኖሚና በማኅበራዊ ዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ለሁሉም ኢትዮጵያዊ ምግብና ማኅበራዊ ዋስትናን ጨምሮ ይዘረዝራል። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲም የሚናገረው ስለ ዜጎች እንጂ ስለ ድርቅ ካርታ አይደለም። አቅም የለም ማለት ይቻላል። አቅም ማጣት ግን ያለውን በትክክል አካፍሎ ነው እንጂ ሁለተኛውን ድሃ ዘሎ አይጀመርም።

ይህን ዛሬ የምጽፍበት ምክንያት አለኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ሲወሰን፣ ለድሃው የኑሮ ውድነት ማካካሻ ይሆናሉ ተብለው ከተጠቀሱት መንገዶች አንዱ ይኸው ሴፍቲኔት ነበር። ውሃ የሚሄደው በተቆፈረለት ቦይ ነው፤ ቦዩ ያልደረሰበት ገጠር ዘይትና ጨው በአዲሱ ዋጋ ይገዛል፣ ማካካሻው ግን በሌላ በኩል ይፈስሳል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ደግሞ ከፕሮግራሙ ትልልቅ ደጋፊዎች አንዱ የነበረው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ተራድኦ ድርጅት ተዘጋ። ገንዘቡ ሲያጥር የመጀመሪያው ፈተና ያሉትን ተረጂዎች ብቻ ይዞ በሩን መዝጋት ነው። ያኔ የ1997ቱ ዝርዝር ለዘላለም ይጸናል።

በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ ታላቁ ግድብ ሲመረቅ እኔም እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ደስ ብሎኛል። 5,150 ሜጋ ዋት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ፤ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት ያን ሰሞን ሁሉም ሰው ተረት ሆኖ ቀረ እያለ ይጠቅሰው ነበር። ጉባ ውስጥ ግን ተረቱ ገና አልሞተም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚቀጥለው የሴፍቲኔት ምዕራፍ ወረዳ ሲመርጥ የእርዳታ ታሪክን ትቶ የቤተሰብ ፍጆታን፣ የሕፃናትን መቀንጨርና የክረምቱን የረሃብ ወራት ይለካ። የኩርሙክን የመሰለ ትልቅ የወርቅ ማዕድን በአንቀጽ 98 መሠረት ለፌዴራሉም ለክልሉም ገቢ ያስገኛልና፣ ክልሉ ከዚያ ድርሻው ለገጠር አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ቀጥተኛ ድጎማ የሚሆን የበጀት መደብ በምክር ቤቱ ያስጸድቅ። የሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤትም እስከ ዛሬ ያለፉትን ወረዳዎች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የወደቁትን ወረዳዎች፣ ከነወደቁበት ነጥብ፣ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። መንጌ ስንት አመጣች? ዳንጉርስ? ሸርቆሌስ? ወይስ ጭራሽ ለፈተና አልተቀመጡም?

መልሱን የሚያውቅ ባለሥልጣን ካለ ጽሑፉን እዚሁ ገጽ ላይ ሳልቆርጥ ሳልቀጥል አወጣለታለሁ። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።